«አላመመኝም» አለችኝ፤ እኔም አመንኳት!

እስቲ አንድ ጥያቄ ላስቀድም። እቤታችሁ ሁለት ሰው ተቃጠለ እንበል። አንደኛው ሰፈር እስኪሰማ ይጮሃል፤ ሌላው እጁን ታቅፎ ዝም ብሏል። ታክሲ ጠርታችሁ ሐኪም ቤት ይዛችሁ የምትሮጡት የትኛውን ነው? የሚጮኸውን አይደል? እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት በአንድ ዓመት፣ በ2001 ዓ.ም.፣ እኔው ቤት ነው።

የመጀመሪያው ልጄ ነው። ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጥር ላይ ከጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ስቦ ደረቱ ላይ ደፋው። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ፤ አንዷ ኮልጌት፣ አንዷ እንቁላል፣ ሌላዋ ሊጥ ይዛ። ኮልጌቱ ቀደመ። በኮንትራት ታክሲ ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ ቁስሉን ከማከሟ በፊት ኮልጌቱን አጥባ ለመጨረስ ፍዳዋን አየች፤ ልጄም የተሰቃየው በዚያው ነው። ውሃ የቋጠረ፣ ሮዝ መልክ ያለው፣ ሲነኩት የሚያስጮህ ቁስል ነበር። በሁለት ሳምንት ዳነ። ዛሬ ምልክቱን ፈልጉ ብትባሉ አታገኙትም።

ሁለተኛዋ የአጎቴ ልጅ ልጅ ናት። ማታ ማታ ልትማር ከገጠር እኔ ዘንድ መጥታ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ግን ማንም አልነገረኝም። «ካወቀች አታስጠጋኝም» ብላ ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም። ሰኔ ላይ አንድ ቅዳሜ ቡና ልታፈላ ከሰል ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች ጣላት። እኔ ሱቅ ሄጄ ነበር። ስመለስ ነቅታ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ግን ፍም ላይ ቆይቷል። ስንት ደቂቃ እንደቆየ እሷም አታውቅም።

እጇን አየሁት። ውሃ አልቋጠረም። አልቀላም። የእጇ ጀርባና ሁለት ጣቶቿ ነጣ ብለው፣ አንዳንድ ቦታም ቡናማ ሆነው እንደ ቁርበት ደርቀዋል። «ያምሻል?» አልኳት። «ዳር ዳሩን ትንሽ ነው እንጂ አላመመኝም እትዬ» አለችኝ። አንዲት የሰፈራችን እናት መጥተው አዩና «ውሃ እንኳ አልቋጠረም፣ ተመስገን በይ!» አሉኝ። ተመስገን አልኩ። ቅቤ ቀብቼ በጨርቅ ጠቀለልኩላት። ለልጄ ኮንትራት ታክሲ፣ ለእሷ ቅቤ!

በአምስተኛው ቀን እጇ ሸተተ፤ ትኩሳትም ያዛት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ፊቷን ወደ ግድግዳ አስዞረና በመርፌ ጫፍ ነጩን ቦታ ጠቅ ጠቅ አደረገው። «ሲወጋሽ ንገሪኝ» አላት። እሷ ዝም። ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ለምን ቆያችሁ?» አለኝ። «አላመመኝም ስትለኝ ጊዜ...» ብዬ ሳልጨርስ፣ «አያማትማ! ሕመሙን የሚያሰማው ነርቭ አብሮ ተቃጥሏል» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳችን ከላይ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ ደግሞ ወፍራም ክፍል አለው። ነርቩ፣ የደም ሥሩ፣ የፀጉሩ ሥር ያለው ከታችኛው ነው። እሳቱ ላይኛውን ብቻ ከነካ ቆዳው ይቀላል፣ ይለበልባል፣ በሳምንት ውስጥ ይድናል። አንደኛ ደረጃ የሚሉት ይህን ነው። ወደ ታችኛው ከዘለቀ ውሃ ይቋጥራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የልጄ ዓይነቱ፣ በጣት ሲጫኑት ነጥቶ ሲለቁት መልሶ የሚቀላው፣ ሕመሙ የከፋ ቢሆንም በሁለት ሦስት ሳምንት ይድናል። ሲጫኑት ቀለሙ የማይመለስ፣ ስሜቱም የደነዘዘ ከሆነ ግን ጠልቋል፤ ጠባሳ መተዉ አይቀርም። ሦስተኛው ደረጃ ቆዳውን ከላይ እስከ ታች የጨረሰው ነው፤ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ደረቅ፣ ስሜት አልባ። ሰፋ ካለ በራሱ አይሸፍንም፤ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተነሥቶ ይለጠፍበታል። የጥልቁ ቃጠሎ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ቃጠሎ ስለሚሆን ያማል። ልጅቷ «ዳር ዳሩን» ያለችኝ ይህንን ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን «አላመመኝም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ቃጠሎ በመጀመሪያው ቀን የታየውን ሆኖ አይቀርም፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊጠልቅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ «ቀላል ነው» የተባለውን ከነገ ወዲያም መልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ስፋቱን ለመገመት የተቃጠለው ሰው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ ይበቃል፤ ከሰውነቱ አንድ በመቶ ግድም ነው። የሕፃኑን በሕፃኑ መዳፍ ለኩ እንጂ በእናንተ እንዳይሆን! እንዲያው የቀላውን ሳትቆጥሩ ልጅ ከ10 መዳፍ፣ አዋቂ ከ15 መዳፍ በላይ ከተቃጠለ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ስፋቱ ትንሽም ቢሆን ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መጋጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ክንድን ወይም እግርን እንደ ቀለበት ከዞረ፣ ኤሌክትሪክ ከያዘው፣ ወይም ሰውየው ጭስ ውጦ ድምፁ ከጎረነነ ጊዜ አትፍጁ።

ቅቤውስ? ተዉት። ኮልጌቱንም፣ ሊጡንም። ቀለበትና አምባር እጁ ሳያብጥ ቶሎ አውልቁና 20 ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ በረዶ ግን አይሁን። ቧንቧው ደርቆ ከሆነ (መቼም የእኛ ሰፈር ውሃ ነገር...) ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው። አደጋው ከደረሰ ሦስት ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ውሃው ይጠቅማል። ሕፃን ከሆነ የቀረው ገላው እንዳይበርደው ሸፈን አድርጉት። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ነጠላ አልብሶ መሄድ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ዳር ከወደቀ ደግሞ ጎትታችሁ አውጡት! «አረፋው ይጋባል» እያሉ ቆመው የሚያዩ አሉ፤ በሽታው አይተላለፍም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም ምንም አይፈይድለትም።

የእሷን እጅ በተመለከተ ሐኪሙ አልሸነገለኝም። ቃጠሎው ከመጀመሪያውም ጥልቅ ነበር፤ በዕለቱ ብናመጣት ኖሮ ግን ባላመረቀዘ፣ ጣቶቿም ቀና ብለው ታስረው ይቆዩ ነበር። ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈላት። ሁለቱ ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀሩ። ለበሽታዋ በየቀኑ የምትወስደው ክኒን ታዘዘላት፤ ከዚያ ወዲህ ጥሏት አያውቅም። ትምህርቷንም ጨረሰች፤ ዛሬ የራሷ ቤትና የራሷ ልጅ አላት።

ባለፈው ፋሲካ ልትጠይቀኝ መጥታ ቡና አፈላች። ምድጃው አሁን ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው፤ እሷም ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ሲኒውን በግራ እጇ እያቀበለችኝ ድንገት፣ «እትዬ፣ ያኔ አልቅሼ ቢሆን ኖሮ ይወስዱኝ ነበር?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? «ቡናው ሳይበርድ ቅጂ» አልኳት።