ሳርጀንት ልሁን ወይስ ይቅርብኝ ላልከኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤



ባለፈው የጠየቅኸኝ ነገር በስልክ የሚመለስ ስላልሆነ ይኸው ብዕር አነሳሁ። አለቃህ ለሳርጀንትነት ቦርድ እንድትቀርብ ይፈልጋል፤ አንተ ደግሞ «ስፔሻሊስት እንደሆንኩ ውሌን ጨርሼ ብወጣስ?» እያልክ ታወጣለህ ታወርዳለህ። የአሜሪካንን ጦር የማውቀው በአንተ በኩል ነው። ወታደርነትን ግን አውቀዋለሁ፤ በተራ ወታደርነት ገብቼ፣ በ1983 ዓ.ም. የያኔው የኢትዮጵያ ጦር ሲበተን አስር አለቃ ነበርኩ። ስለ ታችኛው ማዕረግ የሚመክሩህ ብዙዎቹ ወይ መኮንኖች ናቸው ወይ ወታደር ቤት ያልገቡ፤ የእኔ ምክር ቢያንስ ከታች የመጣ ነው።

የተራ ወታደር ትልቁ ሀብቱ ማንንም አለማዘዙ ነው። ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ ግን መሣሪያዬን ወልውዬ፣ ዘቤን ጨርሼ የተኛሁትን እንቅልፍ አስር አለቃ ከሆንኩ በኋላ አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ የማን እግር ቆስሏል፣ የማን ኮዳ ባዶ ነው፣ ማን ከቤቱ መጥፎ ደብዳቤ ደርሶት ዝም ብሏል እያልኩ ነበር የማድረው። አንተ አሁን ብትሳሳት ከሞላ ጎደል የምትጎዳው ራስህን ነው። እንዲህ ያለ ዘመን በሰው ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ሙያ የሚለመደውም ያኔ ነው።

ገንዘቡንም አትናቀው። ኮሌጅ የተማርከው ትምህርት ተቆጥሮልህ ፕራይቬት ፈርስት ክላስ ሆነህ በመግባትህ፣ ከጓደኞችህ አንድ ሁለት ደረጃ ቀድመሃል። እስከ ስፔሻሊስት ያለውም መንገድ ካልባለግህ በቀር በአገልግሎት ዘመን የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ለሁሉም 4.5 በመቶ ተጨመረ፤ በኤፕሪል ደግሞ ከኢ-1 እስከ ኢ-4፣ ከተራ ወታደር እስከ ስፔሻሊስት ማለት ነው፣ ላላችሁት ሌላ 10 በመቶ። በዚህም የተነሣ በእናንተና በአዲስ ሳርጀንት ደመወዝ መካከል የነበረው ልዩነት ጠቧል፤ ለብር ብለህ ብቻ የምትሾም ከሆነ ያን ያህል አያጓጓም። ባራክ ስለምትኖር የቤት ኪራይ የለብህም፣ ለሐኪም አትከፍልም። ለጡረታ ከደመወዝህ 5 በመቶ ስታስቀምጥ መንግሥትም 5 በመቶ ይጨምርልሃልና ከዚያች እንዳትጎድል። 36 ወር በማገልገልህ ደግሞ ጂአይ ቢል የሚሉት ሕግ የሚሰጠው የ36 ወር የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ያንተ ሆኗል፤ ሳርጀንት ብትሆንም ባትሆንም አይነካብህም።

አንድ ነገር ብቻ ጣልቃ ላስገባ፤ መኪና። ከካምፑ በር ወጣ ብለው የተደረደሩት ሻጮች የወጣት ወታደር ደመወዝ ቀኗን ሳትስት እንደምትገባ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ ለወታደር የሚሰጥ ብድር ወለዱ ከ36 በመቶ እንዳያልፍ ከልክሏል፤ መኪናውን ራሱን አስይዘህ የምትገዛበትን ብድር ግን አይመለከትም። እስክትወጣ ድረስ ያቺ አሮጌ ቶዮታ ትበቃሃለች።

የታችኛውን ማዕረግ ጉዳት አንተ ታውቀዋለህ፣ ቢሆንም ልናገር። ጊዜህ የራስህ አይደለም። ዓርብ ማታ ሲወጣ ሲገባ ያየህ ሁሉ ያዝዝሃል፤ መጥረጊያ የሚሰጠው ለታችኛው ነው፣ የበዓል ቀን ተረኝነትም እንዲሁ። ስለ ባራኩ ሻጋታ ስትነግረኝ የምታጋንን መስሏት እናትህ ሳቀች። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የአሜሪካ መንግሥት የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 10 ካምፖችን አይቶ ሻጋታውንም፣ የሚፈሰውን የመጸዳጃ ፍሳሽም፣ የተሰበረውንም መስኮት ጽፎታል። ለመውደቅም ቅርብ ነህ። አርቲክል 15 በተባለው ቅጣት የሻምበሉ አዛዥ ብቻውን አንድ ማዕረግ ሊያወርድህ ይችላል፣ የሻለቃው አዛዥ ደግሞ እስከ ኢ-1 ድረስ። ያው ጥፋት በሳርጀንት ላይ ሲገኝ ያው የሻለቃ አዛዥ የሚያወርደው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ከታች ያለ ሰው ስሙ ገና አልጠነከረምና በአንድ የቅዳሜ ምሽት ሦስት ዓመቱን ሊያጣ ይችላል።

የታችኛው ሰው ሲናቅ ምን እንደሚመጣ አገራችን ታውቀዋለች። በ1966 ዓ.ም. ጥር ላይ ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው ስለ ርእዮተ ዓለም አልነበረም፤ ስለ ውኃና ስለ ምግብ ነበር። የወታደሮቹ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ደግሞ የራሳቸውን ጉድጓድ ከለከሏቸው። ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያጣሩ ጄኔራል ላኩ፤ እሳቸውንም ይዘው የራሳቸውን ምግብ አበሏቸው፣ የራሳቸውን ውኃ አጠጧቸው። ከወራት በኋላ ከየክፍሉ ተወክሎ የተሰበሰበው ደርግ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ብቻ ያለበት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርክልህም፣ ደብዳቤዬም አይበቃውም። ይህን የማነሣው ሌላ ነገር ፈልጌ ነው፦ ነገሌ ላይ በወታደሩና በመኮንኑ መካከል መቆም የነበረበት ሰው፣ «ጌታዬ፣ ልጆቹ ውኃ የላቸውም፣ ከእርስዎ ጉድጓድ ይቅዱ» ብሎ እስኪሰማ የሚጨቀጭቀው፣ አስር አለቃው፣ ሃምሳ አለቃው ነው። በእናንተ ጦር ይህ ሰው ሳርጀንት ይባላል።

የአስር አለቃነት የክንድ ምልክት ትንሽ ትመስላለች። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ሲያስደንቅ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ከድሉ በኋላ ጃንሆይ የሰጡት ማዕረግ አስር አለቃ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኛ አልሳቅንም፣ ምክንያቱም አስር ሰው መምራት ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ አንተ። ስፔሻሊስትነት የሚመች ወንበር ነው፤ የኢ-ፎር ማፊያ እያላችሁ የምትቀልዱበትም ለዚህ ይመስለኛል። ሥራውን ጠንቅቀህ ታውቃለህ፣ ማጽዳቱ ወደ አዲሶቹ ወርዷል፣ ኃላፊነቱ ደግሞ ከሳርጀንቱ አልወረደም። ድሮ ስፔሻሊስት ብዙ ደረጃ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲጀመር ሰዎችን ሳያዝዝ በሙያው ብቻ ከፍ እያለ የሚሄድ ሰው እንዲኖር ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ የቀረችው የአንተዋ ብቻ ናት። ስለዚህ በሙያህ ብቻ ተከብረህ ወደ ላይ ልሂድ ብትል መንገዱ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ዕድሜህን ሙሉ ስፔሻሊስት ሆነህ ልኑር ብትልም ጦሩ አያኖርህም። ወይ ሰው ትመራለህ፣ ወይ ትወጣለህ።

መውጣቱ ነውር አይደለም። ትምህርትህ ተከፍሎልሃል፣ ጤነኛ ነህ፣ ዕዳ የለብህም። «ልጄ ሳርጀንት ነው» ብዬ በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንድኮራ ብለህ አንዲት ሌሊት እንዳትጨምር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም ተረት እርሳው፤ በዚህ ማዕረግ የሚበላ ነገር የለም። የሚመጣብህ የሌሎች ልጆች ጣጣ ነው፦ አንዱ በሌሊት ደውሎ ሚስቴ ጥላኝ ሄደች ይልሃል፣ አንዱ ሰክሮ ይያዛል፣ አንዱ ደመወዙን መኪና ሻጭ ይበላበታል።

ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። በደወልክ ቁጥር ስለ ራስህ የምታወራው ጥቂት ነው። ስለዚያ ከቴክሳስ ስለመጣው እናቱ ስለታመመችበት ልጅ ነገርከኝ፣ ፈቃድ እንዲያገኝ ወረቀቱን አብረኸው እንደሞላህ ነገርከኝ። ስለዚያች ሩጫው ስለከበዳት ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት አብረሃት እንደምትሮጥ። ይህን እንድትሠራ ማንም አላዘዘህም፣ ደመወዝም አይጨመርልህም። የሳርጀንቱን ሸክም ያለ ሳርጀንት ሥልጣን ተሸክመሃል፤ ያ የቴክሳሱ ልጅ ፈቃድ ሲከለከል አዛዡ ፊት ቆመህ ስለ እሱ ብትናገር ግን ቃልህ የስፔሻሊስት ቃል ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ቦርዱ ፊት ቅረብ ነው። ካለፍክ በኋላም የአመራር ኮርሱ አለ፣ ነጥብህም ለሙያህ ከሚጠየቀው መድረስ አለበት፤ ሐሳብህን ለመቀየር ጊዜ ይኖርሃል። ባታልፍም ያው ስፔሻሊስት ነህ። እናትህ ይህን ስትሰማ «ለምን ተጨማሪ ውል ታስፈርመዋለህ!» ብላ ተቆጥታኛለች፤ እሷን አንተ ራስህ ደውለህ አስረዳት፣ እኔ አልቻልኩም።

ቦርዱ የሚቀመጥበትን ቀን እንደቆረጡልህ ንገረኝ። የጥናት መጽሐፉን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝና ማታ ማታ በስልክ ልጠይቅህ፤ እንግሊዝኛዬን ግን ትታገሠኛለህ።

አባትህ