ከሠርጉ አልበም ውስጥ እምዬ የት አለች?

የታላቅ እህቴ የሠርግ አልበም የደረሰ ዕለት ሳሎን ተሰብስበን ገጽ በገጽ ገለጥነው። ሙሽሮቹ ሆቴሉ መናፈሻ ውስጥ ሲሳሳቁ፣ ሚዜዎቹ ሲዘሉ፣ ኬኩ ሲቆረስ… መጨረሻው ላይ ስንደርስ እናቴ ቀስ ብላ «እምዬ የት አለች?» አለች።

ተመልሰን ፈለግን። አያታችን ለዚያ ሠርግ ከመንዝ፣ ከዘመሮ፣ ቀኑን ሙሉ በመኪና ተጉዛ ነበር የመጣችው። ያገኘናት አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ከኬኩ ጀርባ፣ ፊቷ ለሁለት ተከፍሎ። የፎቶ ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ሲፈጅ እሷ አዳራሽ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ነበር።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ለአንድ የማስታወቂያ ፎቶ እንኳ ካሜራ ከመነሳቱ በፊት አንድ ገጽ እንጽፋለን፦ ፎቶውን ማን ያየዋል? ዓይኑ መጀመሪያ የት ይረፍ? ለሳሙና የምንጠይቀውን ጥያቄ ለእህቴ ሠርግ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ጭምር።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስልኬ ከኢንስታግራምና ከፒንተረስት በሰበሰብኳቸው ፎቶዎች ተሞልቶ ነበር። የባሕር ዳርቻ፣ የአበባ ቅስት፣ ጀምበር ስትጠልቅ። አንዱም ላይ አያት የለም። ተውኳቸውና የቤታችንን አሮጌ ፎቶዎች አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን፣ ከነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶዎች የተሰባሰበውን «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» መጽሐፍም ተዋስኩ። በእኛ ቤት ፎቶዎች ትልቅ ሰው መሐል ይቀመጣል፤ ልጆች ዙሪያውን ይቆማሉ። ስፈልገው የነበረው ቅንብር እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር።

በጥር ካገባን በኋላ በሳምንቱ ፎቶ አንሺ ይዘን ዘመሮ ሄድን። ደጁ ወዴት እንደሚዞር፣ ከሰዓት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትመታ አጎቴን አስቀድሜ በስልክ ጠይቄዋለሁ። የደጋ የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ስለሚጥል 10 ሰዓት ተኩልን መረጥን። እምዬን በድንጋይ ቤቷ ደጃፍ በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። የበሩ መቃኖች ግራና ቀኝ እንደ ክፈፍ ያዟት፤ የግቢው ካብም ዓይንን እየመራ እሷ ላይ ያደርሳል። እኔና ባለቤቴ ጎንበስ ብለን ጉልበቷን እንድንስም ነበር ያቀድነው።

ያላቀድነውን ደግሞ እሷ አመጣችው። «ቆዩ እስቲ ልጆቼ» ብላ ገባችና የሟቹን አያቴን ጥቁር በርኖስ ይዛ ወጣች። ለብርዱ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ «እሱም ይኑርበት» አለች።

ፎቶ አንሺው ተጨነቀ። ጥቁር የሱፍ በርኖስ ከነጭ የሀበሻ ቀሚስ አጠገብ ሲሆን ለጥቁሩ የተስተካከለ ካሜራ ነጩን ያነደዋል፤ ጥለቱ ይጠፋል። ሁላችንንም ከፀሐዩ ወደ ደጃፉ ጥላ አስገባንና ብርሃኑን በቀሚሱ ለካ። የቀሚሴ ጥለትም፣ የበርኖሱ ሱፍም፣ የእምዬ ፊትም ጥርት ብለው ወጡ።

ለማግባት የምትዘጋጁ፣ ቦታና ልብስ ከመምረጣችሁ በፊት ፎቶው ላይ ባይኖሩ የሚቆጫችሁን ሰዎች ስም ጻፉና ለፎቶ አንሺው ስጡት። የእነሱን ፎቶ አስቀድማችሁ፣ ሳይደክሙ ተነሱ።

ፎቶው አሁን እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ባለፈው እሑድ እህቴ ፊቱ ቆማ ብዙ ካየችው በኋላ፣ «ለፋሲካ ልጆቹን ይዘን ዘመሮ እንሂድ፤ በርኖሱ አለ አይደል?» አለችኝ።