«ፈነዳብኝ» አትበል

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ሞተር የምትነዱ፣ ወይም ሞተር የሚነዳ ወንድም፣ ባል፣ ልጅ ያላችሁ ግን ታግሳችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ሞተር ገዝቶ ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ጅግጅጋ እየተመላለሰ ሊሠራ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ «የሞተር ጎማ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ቁጥሩን ጽፌ ልልክለት ስል እጄ ላይ ቀረ። ጻፍኩት፣ አጠፋሁት። ምክንያቱም እኔም ያንኑ ቁጥር በጭንቅላቴ ይዤ ነው ከሁለት ዓመት በፊት እህቴን ደንገጎ ላይ የጣልኳት።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከተማ መሃል አይደለም። ዛሬ ዋሂል፣ ነገ ቢዮ አዋሌ፣ ከነገ ወዲያ ጀልዴሳ ነኝ። ያለ ሞተር እጄም እግሬም የለም። ሞተሯ የራሴ ናት፣ 150 ሲሲ። ነዳጅ የቀዳሁበትን፣ ዘይት የቀየርኩበትን፣ ጎማ ያሰርኩበትን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። በደብተሬ መሠረት የመጀመሪያው የኋላ ጎማዬ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደ፣ የፊቱ 22 ሺህ። ስለዚህ በኔ ሒሳብ አንድ የኋላ ጎማ ማለት 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አለቀ።

መስከረም 2015 ላይ አንድ መለዋወጫ ቤት የሚስማማኝን ጎማ በደህና ዋጋ አገኘሁ። የጎማ ዋጋ እንደምታውቁት አይቀመስም። ሻጩ «አዲስ ነው፣ መሬት አልነካም» አለኝ። አልዋሸም፣ እውነትም መሬት አልነካም። በጣቴ ጥርሱን ዳሰስኩ፣ ጥልቅ ነው። ለክፉ ቀን ብዬ ገዝቼ ቤቴ ጓሮ፣ ቆርቆሮው ሥር ሰቀልኩት። የድሬን ቆርቆሮ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሥሩ መቆም አይቻልም። ጎማው እዚያ ዓመት ከወር ተሰቅሎ ቆየ። ጥቅምት 2016 አውርጄ ሳስረው ግራጫ ግራጫ ስላለኝ በናፍጣ አበስኩት። ጥቁር ሆነ፣ አማረ። እኔም ደስ አለኝ።

ግንቦት ላይ የአክስቴ ልጅ ሐረር ተሞሸረ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እህቴን ከኋላ ጭኜ ተነሳሁ። ከመውጣቴ በፊት የኋላውን ጎማ ጫን ሳደርገው ድንጋይ ሆኗል። «በዚህ ሙቀት ይፈነዳል» ብዬ ቫልቮላውን በጥፍሬ ተጭኜ ንፋስ አስወጣሁለት። ስንት እንዳስወጣሁ አላውቅም። ሲለሰልስልኝ ተውኩት። ደንገጎን ወጣን፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርገን ሐረር ገባን። ሠርጉ ደመቀ፣ አደርን።

እሑድ ከሰዓት ስንመለስ አክስቴ «ባዶ እጃችሁን አትሄዱም» ብላ አንድ ከረጢት ድንች አሰረችልን። እምቢ ማለት አይቻልም። ሁለት ሰው፣ ድንች፣ የእህቴ ሻንጣ። ሐረር ቀዝቀዝ ይላል፣ ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ድሬ ደግሞ 1200 አካባቢ። የ700 ሜትሩ ቁልቁለት አብዛኛው ከደንገጎ በኋላ ባለው ጥምዝምዝ ላይ ነው። እኔ ያኔ ቁልቁለት የምወርደው በፍሬን ነበር፣ በዋናነት በኋላው። እህቴ ደግሞ ጀርባዬን እየቧጠጠች «ቀስ በል» ትለኛለች። ፍጥነቴ 40 ቢሆን ነው።

ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኋላው እንደ እባብ ተወዛወዘ፣ መሪው ከእጄ ወጣ። የወደቅነው በተራራው በኩል ነው። በገደሉ በኩል ቢሆን ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። ድንቹ አስፋልቱን ሞልቶ ቁልቁል ሲንከባለል አስታውሳለሁ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ አነሳን። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ድንቹን አንድ በአንድ ለቅመው ከረጢቱን መለሱልን። አላህ ይስጣቸው።

እኔ ተቧጠጥኩ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። የእህቴ የቀኝ እጅ አንጓ ተሰበረ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። አረፋ ሦስት ሳምንት አልቀረውም ነበር። የዓመቱ ትልቁ ሥራዋ ነው። ቀብድ የተቀበለችበትን ጨርቅ ሁሉ በግራ እጇ እያጣጠፈች ለባለቤቶቹ መለሰች። ማሽኗ ሦስት ወር አንሶላ ለብሶ ተቀመጠ። አንድ ቀን እንኳ «አንተ ነህ» አላለችኝም። ሰው ሲጠይቀኝ የኔ መልስ አንድ ነው፦ «ጎማ ፈነዳብኝ።» ሰዉም «ውይ፣ እንኳን ተረፋችሁ» ይላል። ፈነዳብኝ ስትል ጥፋቱ የጎማው ነው፣ አንተ ተበዳይ ነህ። ደስ የሚል ቃል ነው።

በሳምንቱ ለገሃር አካባቢ ወደምደርስበት ጎሚስታ ጎማውን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው አባቴ ይሆናል፤ ግን ድሬ አይደለን፣ አንቱታ የለም። «አንተ፣ ይሄን ጎማ እየው እስቲ፣ ፈነዳብኝ» አልኩት። ጎማውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው፣ ውስጡን በእጁ ዳሰሰው፣ እጁን አሳየኝ። ጥቁር ዱቄት ነው።

«አቦ፣ ፈነዳብኝ አትበል» አለኝ። «ጎማ ካንተ ጋር ምን ጠብ አለው? አፈነዳሁት በል።»

ተናደድኩ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አሳየኝ። እኔም አሁን ለእናንተ የማሳየው ያንን ነው።

አንደኛ፣ ዕድሜው። በጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የኔ 2317 ይላል። የ2017 23ኛ ሳምንት ማለት ነው፤ በእኛ 2009፣ ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ። «አዲስ» ብዬ ስገዛው አምስት ዓመት አልፎታል። ሲፈነዳ ልክ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል። ብዙ አምራቾች «አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፤ አስር ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር» ይላሉ። ይህ እንግዲህ በደህና ቦታ ለተቀመጠ ጎማ ነው። የኔ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ለተጠበሰው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስንጥቁ። ጎማውን ጎንበጥ ሲያደርገው በጥርሶቹ ሥርና በጎኑ ላይ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ነገር ታየኝ። እኔ ለሰባት ወር ያየሁት የጥርሱን ጥልቀት ብቻ ነው። ናፍጣው ደግሞ ስንጥቁን ሸፈነልኝ እንጂ አላከመውም። ናፍጣ፣ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ላስቲክን ይጎዳሉ። ጎማ በውኃና በሳሙና ነው የሚታጠበው።

ሦስተኛ፣ ያ ጥቁር ዱቄት። ጎማ ንፋስ ሲያንሰው በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል። ሽቦን እያጠፋችሁ እየዘረጋችሁ ስትሰብሩት አይሞቅም? እንደዚያ ነው። ከውስጥ ይሞቃል፣ ይፋቃል፣ ዱቄቱ ያ ነው። ላዩ ላይ ሁለት ሰውና ከረጢት ሲጨመር ይብሳል።

እዚህ ላይ ነው የኔ ትልቁ ስህተት። እኩለ ቀን ላይ የነካሁት ጎማ የጠነከረው ሞቆ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሞተር ጎማ ንፋስ በግምት አንድ ተኩል ፒኤስአይ ይጨምራል። ጎማው ይህን ታስቦ ነው የተሠራው። ትኩስ ጎማ ላይ ያንን «ትርፍ» ካስወጣችሁት፣ ሲበርድ ከልኩ በታች ይሆናል። እኔ ድሬ በእኩለ ቀን አስተነፈስኩት፣ ሐረር በብርድ አደረ፣ በማግስቱ ሳልለካ ጭነት ጫንኩበት። ፈራሁት ያልኩትን ነገር በገዛ ጥፍሬ አመጣሁት። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በመለኪያ ነው። በእግር መርገጥ መለኪያ አይደለም።

አራተኛ፣ ፍሬኑ። ቁልቁለቱን ሙሉ የኋላ ፍሬን ረግጦ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፣ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ከመነዳሪው ይሄዳል። ደንገጎ የሚወረደው በማርሽ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚባለው ለመኪና ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ረጅም መንገድ ለሚጓዙ ትልልቅ ሞተሮች የሚሠራው ጎማ፣ የኋላው በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የፊቱ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጉልበቱም ጭነቱም የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። ለፍጥነት የሚሠራው ለስላሳ ጎማ መሬት ይቆነጥጣል፣ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ ላይደርስ ይችላል። ቁጥሩ ይሄ ነው። ግን ከቁጥሩ በላይ ጎማው ራሱ ይነግራችኋል፣ ጎንበስ ካላችሁ። መሃሉ ብቻ ከተበላ ወይ ንፋስ በዝቶበታል፣ ወይ ቀጥ ያለ መንገድ አብዝታችኋል። የመልካ ጀብዱና የሽንሌ ሜዳ መንገድ መሃሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ከዚያ ኩርባ ላይ ስታዘነብሉ ሞተሩ እንግዳ ይሆንባችኋል። ሁለቱ ጎን ከተበላ ንፋስ አንሷል፣ ወይ ጭነት በዝቷል። በጥርሶቹ መሃል ቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ አልቋል፣ ሊሾ እስኪሆን አትጠብቁ። በድንገት ጋዝ መስጠት፣ በድንገት መያዝ፣ ሸካራ አስፋልት፣ ሹል ጠጠር፣ ሁሉም የራሱን ይቆርሳል። እንደኔ የደቻቱን አሸዋና የገጠሩን ኮረት በአንድ ቀን ለሚረግጥ ሰው የፈረንጁ ቁጥር ምኞት ነው።

አንድ ነገር ሳነብ ገርሞኝ ነበር። በንፋስ የሚሞላውን ጎማ ለሥራ ያበቃው ዱንሎፕ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፣ ቤልፋስት የሚኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1888። መሐንዲስ እንዳይመስላችሁ። እንደኔ የእንስሳት ሐኪም ነበር! መጀመሪያ የሠራውም ለልጁ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ሳይክሉ ድንጋይ ላይ እንዳያንገጫግጨው። በባጃጅ ከተማ ለሚኖር ሰው ባለ ሦስት እግር ሲባል ደስ ይላል። ግን እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ሰውየው ጎማውን ሲሠራ የሚያስበው ከላይ የሚቀመጠውን ልጁን ነው። እኔ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነበር፤ ከኋላ ማን እንደሚቀመጥ የሚል ዓምድ አልነበረውም።

ከጎሚስታው ስመለስ እህቴ ቤት ገባሁ። እጇ በጄሶ ነው። «ጎማው አልፈነዳብኝም፣ እኔ ነኝ ያፈነዳሁት» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ንፋሱን፣ ናፍጣውን፣ ዕድሜውን። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቡና ላፍላልህ?» አለችኝ። በአንድ እጇ። ያቺን ቡና እንዴት እንደጠጣኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን እጇ ድኗል፣ ትሰፋለች። ሙሉ በሙሉ ግን አይዞርም፤ ብርድ ሲሆን ያማታል። ሞተሬ ላይ ዓመት ከምናምን አልወጣችም። ባጃጅ ትይዛለች፣ እኔም «ና ላድርስሽ» ማለት ተውኩ። ባለፈው ወር ግን ሳቢያን ለቅሶ ነበረባትና ባጃጅ ስታጣ በሬ ላይ ቆመች። «ታደርሰኛለህ?» አለች። ሄልሜቷን ሰጠኋት። ከመውጣቷ በፊት ዞር ብላ ጎንበስ አለችና የኋላውን ጎማ በዚያች በተሰበረችው እጇ አውራ ጣት ጫን አደረገችው።

«ጠዋት ለክቼዋለሁ» አልኳት።

«በምን?» አለች። መለኪያውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ከዚያ ወጣች።

ወንድሜ፣ የጠየቅኸኝ አንተ ልጅ፣ መልሴ ይኸው። አራቱን ቁጥር አንብብ። ጎኑን እይ። ጠዋት ለካ፣ ሰው ከጫንክ በሞተሩ ላይ ለጭነት የተጻፈውን ልክ ሙላ። ደንገጎን በማርሽ ውረድ። እነዚህን ካደረግህ ኪሎ ሜትሩ የሄደውን ያህል ይሂድ።

ሞተር ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተም አሁኑኑ ውጡና የጎማችሁን አራት ቁጥር አንብባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስንቶቻችን ሽማግሌ ጎማ ላይ እንደተቀመጥን እንተያይ።

ሰላም ግቡ።