የሁለት ዓመት እንግዳ

ከሰሜን ወሎ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ወረዳ ወጥተን ወልድያ የተማርን እኩዮች ሠርግ ወይም ለቅሶ ባገናኘን ቁጥር ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ፈረንጁ መምህራችን ላይ ያርፋል። አንዱ ጫማውን ያነሳል፤ አንዱ ብስክሌቱን፤ ሌላው የመጀመሪያ ቀን ሚጥሚጣ ቀምሶ እንዴት እንደሆነ በአካል ያሳያል። ስሙንማ ከነአባቱ የማይጠራ የለም። ሃምሳ ዓመት አልፎት እንኳ አልጠፋብንም።

ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሚኒባስ ቶሎ ያደርሳል። እኛ ግን ሾፌር ለምነን ጭነት ላይ ተንጠልጥለን እንገባ ነበር፤ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተን፣ ከቤት የሚላክ ድርቆሽና በሶ እየጠበቅን። 7ኛ ክፍል ስንገባ ግን ያስጨነቀን ስንቁ አልነበረም። እስከ 6ኛ በአማርኛ ስንማር ቆይተን በአንድ ክረምት ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ሆነ። 8ኛ ላይ ደግሞ የሚኒስትሪ ፈተና ይጠብቃል። ሒሳብ እያወቀ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ተመልሶ ሞፈር መጨበጡ ነው።

ፈረንጁ የደረሰልን በዚህ ጭንቅ መሃል ነው። ሰላም ጓድ ነበር፤ ሰዉ ፒስ ኮር የሚለው። የመጀመሪያዎቹ 300 ገደማ አሜሪካውያን በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት በ1955 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነዋል። እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ሒሳብም ሳይንስም ያስተምሩ ነበር። የእኛው የመጣው ከእነዚያ በኋላ ዓመታት ቆይቶ ነው።

ውለታውን ልናገር። ዱላ አይዝም ነበር፤ ይህ ብቻውን ለእኛ ተአምር ነው። የተሳሳተ መልስ የሰጠ ልጅ አይሰደብም፤ ይልቁንም «እንዴት እንዲህ አሰብክ?» ተብሎ ይጠየቃል። አማርኛው አጥጋቢ ስላልነበር ወደ አማርኛ መሸሻ አልነበረንም፤ ወደድንም ጠላንም በእንግሊዝኛ እንንተባተብ ነበር። በስሜ ጥሩኝ ቢለን አፋችን እሺ ስላላለ ስሙ ላይ «ሚስተር» ቀጠልንበት። ከክፍላችን ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የገቡ፣ ከዚያም አልፈው ዩኒቨርሲቲ የደረሱ አሉ፤ አፋቸውን የፈታላቸው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጉድለቱንም ያን ጊዜ ያላየነውን ዛሬ አየዋለሁ። ሰላም ጓዶች በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ በወጡ ማግስት የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ማስተማርን የተለማመዱት በእኛ ላይ ነው። ውላቸው ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት አነጋገሩን ስንለምድ፣ እሱም የእኛን ዝምታ ሲለምድ ያልቃል። በሁለተኛው ዓመት ሥራው ይሰምራል፤ ወዲያው ሻንጣ ይታሰራል። ለሚቀጥለው ክፍል ሌላ ሰው፣ ሌላ አነጋገር፣ እንደገና ከሀ።

ሒሳቡን ስናወራርድ ደግሞ ማን ከማን የበለጠ እንደተማረ ያጠራጥራል። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነትም ተወዳደረ። ቻርልስ ሰተን ማሲንቆ ተምሮ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር ተጫወተ። በሰላም ጓድነት የመጣው ጄምስ ማካን የሰሜን ወሎን ገበሬ የድህነትና የረሃብ ታሪክ የጻፈ የታሪክ ምሁር ወጣው። የኛን አገር ጉዳይ የሚያጠና የእኛ ልጅ ዛሬም የእሱን መጽሐፍ ይጠቅሳል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። አልቀናሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

በዚያው ዘመን ግን ሌሎችም አስተምረውናል። ከኬረላ የመጡ ህንዶች ነበሩ፤ ሰሌዳ ሙሉ ጽፈው፣ አጥፍተው፣ ደግመው የሚጽፉ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት አገልግሎት በየአውራጃው እየወጡ ያስተምሩ ነበር፤ «ሰርቪስ» እንላቸዋለን። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሰላም ጓድ ከአገር ይውጣ የሚለው ጩኸት ሲበረታ፣ ለእኛም ስለ መሬት ጥያቄ ሹክ ያሉን እነሱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ኤ ቢ ሲ ያስቆጠሩን፣ እንግሊዝኛን ከፈረንጅ አፍ ሳይሆን ከመጽሐፍ የተማሩ፣ እድሜያቸውን በዚያው ወረዳ የጨረሱ መምህር ነበሩ። ባለፈው ለቅሶ ላይ ስማቸውን ጠየቅሁ። አንዱ «ጋሼ እንላቸው ነበር እኮ» አለ። ሌላው «አንካሳው ናቸው?» አለ። ከዚያ ሚስተራችን ተነሳና ጨዋታው ቀጠለ።

ወሎዬ እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ነው ይላል። ፈረንጁ ሁልጊዜ ወርቅ ሳለ ይሄዳል። የእኛዎቹ ብረት እስኪሆኑ ተቀመጡ።

ሰላም ጓድ በ1969 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። በኋላ ቢመለስም ያ ዘመን አልተመለሰም፤ የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ሲነሳም በዓለም ዙሪያ ያሉት ሁሉ ወደ አገራቸው ተጠሩ። በመካከሉ ሌላ የውጭ መምህር መጥቶልን ነበር፦ ፕላዝማ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ። መምህሩ ከስክሪኑ ይጠይቃል፤ ልጁ ጥያቄውን ተረድቶ ሳይጨርስ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ውል የለው፣ ሻንጣ የለው፣ መብራት ሲጠፋ ብቻ ይሄዳል። የክፍሉ መምህር ከጎኑ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ዛሬ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2004 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። እኛ በመኪና ጭነት ላይ ተሰቅለን የምንፈልገው ትምህርት መርሳ ድረስ ወርዷል፤ የግብርና ኮሌጅ አለ። ግን ወልድያም መርሳም ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው፣ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት ብዙ የአማራ ክልል ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ክፍሉ በተከፈተበትም ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ማብራሪያው በአማርኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ግን ተመልሶ በእንግሊዝኛ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው አልልም። ሆኖም ጥያቄው ሳይገባው የወደቀ ልጅ ፊዚክስ አያውቅም ለማለትም አልደፍርም።

የሐብሩ ልጅ ግን ይህ እስኪቃና አልተቀመጠም። በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ይሻገራል። የእህቴ ጎረቤት ልጅ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ አረብኛውን ታንቆረቁረዋለች፤ ሰሌዳ ሳታይ፣ ሰላም ጓድ ሳይመጣላት። እኛን ቋንቋ ሊያስተምር ሰው ባሕር አቋርጦ ይመጣ ነበር፤ እሷ ቋንቋውን ለማግኘት ባሕር ማቋረጥ ግድ ሆነባት። ለእኛ መማሪያ ሰጥተው ሸኙን፤ ለእሷ መጥረጊያ ሰጥተው ተቀበሏት።

ነገ ፈረንጅ መምህር እንደገና ቢመጣ ወሎ አይጠላውም፤ ቡናውም እንጀራውም ይቀርባል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጆቹ ፊት ብቻውን አይቁም፤ ሠላሳ ዓመት የሚቀረው የእኛ መምህር አጠገብ ይቀመጥ፣ ሁለቱንም ዓመት ለእሱ ይስጥ። ለእንግዳው ግብዣ አያንሰውም። ለነዋሪው መምህር ግን በወቅቱ የሚገባና የሚያበላ ደመወዝ፣ ከተቻለም ስሙን የሚያስታውስ ተማሪ ያስፈልገዋል።