ቀፎ የሌለው ድራምና የታች ቤት ጎረቤታችን

ልጅዎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ «ድራም መማር እፈልጋለሁ» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? እኔ ለሁለት ዓመት ያህል የመለስኩት አንድ ነገር ነበር፦ «የት እናስቀምጠዋለን?» የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና ረከቦቱ ከገቡበት በኋላ የተረፈው መተላለፊያ ብቻ ነው። ልጄ ግን አልተወም። በሁለት ማንኪያ የሶፋውን ክንድ፣ የብስኩቱን ጣሳ፣ አንዳንዴም የታናሽ እህቱን ጭንቅላት እየመታ ይለማመድ ነበር።

መልሴን ያፈረሰብኝ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሲመጣ ሻንጣውን ከፍቶ ክብና ጠፍጣፋ ነገሮች እያከታተለ አወጣ። ትንሹ 8 ኢንች፣ ትልቁ 18 ኢንች ነው። የቡና ትሪ ያመጣልኝ መስሎኝ ማመስገን ጀምሬ ነበር። ተጣጣፊዎቹን ብረቶች ገጣጥሞ ሲጨርስ ግን መስኮቱ ሥር ድራም ቆሞ አየሁ። ሲጠናቀቅ ሁሉም ተደራርቦ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ቦርሳው አልጋ ሥር።

«ለመሆኑ ድራም ያለ ቀፎ ይጮሃል?» ይሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። የእኛን ከበሮ ያስቡት፤ የተቦረቦረ ግንድ፣ በሁለቱም አፉ ቆዳ የተወጠረበት። አንዱን ቆዳ ሲመቱ በውስጡ ያለው አየር ተገፍቶ ሌላኛውን ያንቀሳቅሰዋል። ሁለቱ ቆዳዎችና አየሩ አብረው ሲርገበገቡ ያ ሆድ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ድምፅ ይወጣል። አብዛኛው የዘመናዊ ድራምም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቀፎ አልባው ግን አንድ ቀለበትና በላዩ የተወጠረ አንድ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። የታመቀ አየር የለውም፤ የሚያስተጋባ ሁለተኛ ሽፋንም የለውም። ስለዚህ ድምፁ ጥርት ያለና ቶሎ የሚቆም ይሆናል። ትንንሾቹ ላይ ይህ ያምራል፤ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል። በእግር የሚመታው ትልቁ ላይ ግን ጉድለቱ ይታወቃል፤ ደረት የሚነካው ድምፅ የለም።

ይህ የልጆች መጫወቻ እንዳይመስልዎ። ሬሞ የተባለው የአሜሪካ አምራች ሮቶቶም የሚባሉ ቀፎ አልባ ድራሞች አሉት፤ ክቡን ሲያሽከረክሩት ሽፋኑ ይወጠራል ወይም ይላላል፣ ቅኝቱም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። የፒንክ ፍሎይዱ ድራም መቺ ኒክ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» አልበም ላይ «ታይም» የተባለውን ዘፈን የሚከፍተው በእነዚህ ነው። የቢትልስን ታዋቂ የድራም ላይ አርማ በመንደፍ የሚታወቀው የለንደኑ ነጋዴ አይቨር አርቢተርም «ፍላትስ» የሚባል ጠፍጣፋ ድራም ለገበያ አቅርቦ ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። እኔ «ቀፎ የለውም» ሲባል የሰማሁት «ድምፅ የለውም» ብዬ ነው። አይደለም። ሽፋኑ ሲመታ ይጮሃል፤ ሲምባሉም ያው ሲምባል ነው። የተለመደ ድራም ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮሃል። ቀፎ አልባው ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ወደ ጨዋታ ድምፅ አይወርድም።

ከሥራችን የሚኖሩት እናት ልጄን ሕፃን ሳለ እኔ ሥራ ስውል የጠበቁልኝ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አብረን እንጠጣለን። ድራሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቡና ጠርቻቸው ሳይመጡ ቀሩ። በሚቀጥለውም ቀሩ። ደረጃ ላይ አግኝቼ ብጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ብለው አለፉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቡናውን ይዤ እኔው ወረድኩ። ልጄ ላይ ቤት እየተለማመደ ነበር። ዘፈኑ ብዙም አይሰማም፤ የእግሩ ምት ግን በኮንክሪቱ አልፎ ጣሪያቸውን ግም ግም ያደርጋል። ቁምሳጥናቸው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። «ደም ግፊት አለብኝ ልጄ፤ ግን ልጁን ከሚወደው ነገር እንዴት ልከልክለው?» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ችለው ኖረዋል። በጣም አፈርኩ።

ያን ዕለት ማታ ድራሙን ቦርሳው ውስጥ ከትተን ወንድሜ ጋ ደወልን። እሱ ያስረዳን ሁለት ዓይነት ጩኸት እንዳለ ነው፤ አንዱ በአየር፣ ሌላው በወለል የሚሄድ። ለአየሩ፣ በፕላስቲኩ ፈንታ እንደ ወንፊት የተቦረቦረ የመረብ ሽፋን ይደረጋል፤ ዱላው በደንብ ይነጥራል፣ ድምፁ ግን ወደ ሹክሹክታ ይጠጋል። ለሲምባሎቹ ከጎማ የተሠሩ ማፈኛዎች አሉ። ለወለሉ ደግሞ አናጺ ጋ ሄደን ሁለት ኮምፔንሳቶ አስቆረጥን፤ በመካከላቸው የቴኒስ ኳሶች ደርድረን፣ ከላይ ምንጣፍ አንጥፈን ድራሙን እሱ ላይ አቆምነው። ኳሶቹ የእግሩን ምት ይውጡታል። ከዚያ እታች ወርጄ፣ ልጄ እየመታ እኔ ከእሳቸው ጋር ተቀምጬ አዳመጥኩ። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ። ሰዓቱንም እሳቸው መረጡ፦ ከ11 ሰዓት እስከ 12፣ እሑድ ዕረፍት።

ያጣነውንም ልንገርዎ። ልጄ ትምህርት ቤት ትልቁን ድራም ሲመታ መጀመሪያ ደንግጧል፤ የቤቱን ለማሰማት ጠንክሮ መምታት ለምዶ ነበርና የትምህርት ቤቱ ጆሮ ይበጥሳል። እጁን ለማላላት ሳምንታት ፈጅቶበታል። ስለዚህ የቤቱ ድራም የመለማመጃ እንጂ የመድረክ አይደለም። ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚመታ ትንሽ ድራም በወር አንዴ ከሚገኝ ትልቅ ድራም ይሻላል። መብራት ሲጠፋም እንደ ኤሌክትሪኩ ድራም አይቋረጥም።

እርስዎም ሊገዙ ካሰቡ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የመረብ ሽፋን ይቀበላል ወይ? እግሮቹ ሳይነቃነቁ ይቆማሉ ወይ? ከሥርዎ ማን ይኖራል? ሦስተኛውን ሻጩ አይመልስልዎትም። አንድ ስኒ ቡና ይዘው ራስዎ ይውረዱ፤ የሚወርዱትም ድራሙ ከመግባቱ በፊት ይሁን።

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። ከ11 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ በሩ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው፣ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ ይዘው። «ዛሬ ዝም አለሳ፤ ልጁን አመመው እንዴ?»