ወደ ሲናና ስንጓዝ፤ ስለ መኪና ምርጫና ስለ መንገደኛ ደኅንነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሌ ደጋ የሚሄድ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ በኮፈሌ በኩል ወደ ዶዶላ የሚደርሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአዳማ ወደ አሰላ ሽቅብ ወጥቶ በበቆጂና በአሳሳ የሚያልፈው ነው። ሁለቱም ዶዶላ ላይ ይገናኙና በአዳባና በዲንሾ አልፈው፣ የሲናና የእህል ማሳ ወደሚከባት ወደ ሮቤ ከተማ ያደርሳሉ። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎባ ደግሞ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ በተራራው ግርጌ ትገኛለች።

እኛ ይህን መንገድ የምንጓዘው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እኅቶች በዓመት አንድ ጊዜ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ዘቢብና የጸሎት መጻሕፍት ይዘን በሲናና ገጠር ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ልንሳለም እንሄዳለን። እስከ ሮቤ ድረስ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ከሮቤ ወጣ ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። የሲናና መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ስንዴን አብዝቶ የማብቀሉን ያህል ዝናብ ሲነካው ጎማን አጥብቆ የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። በየማሳው መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድም መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ ከማኅበራችን ሁለት ወጣቶች ሞተር ብስክሌቶቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ ተደረገ። እነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ሲናና ከደረሱ በኋላ የሚሠሩት ሥራ የታወቀ ነው፤ ያስቸገረን እስከ ሲናና ድረስ በምን ይድረሱ የሚለው ነበር።

አምና በዐቢይ ጾም፣ በመጋቢት ወር፣ ጉዳዩን በቀላሉ የፈታነው መስሎን ነበር። ሞተር ብስክሌት ራሱ መጓጓዣ ሆኖ ሳለ መጓጓዣን በመጓጓዣ መጫን ምን ይባላል ብለን፣ ወጣቶቹ እየነዱ እንዲመጡ ፈረድን። ከሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር ብስክሌት በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሎ ነበርና፣ እስከ ቢሾፍቱ በጭነት መኪና ወሰድንላቸው፤ ከዚያ ጀምሮ መንዳት ያዙ። የቀረነው በአውቶቡስ ተሳፈርን።

አዳማ ላይ ፀሐዩ አላስቀመጣቸውም፤ አሰላ ላይ ነፋሱ ተቀበላቸው። የእነ ደራርቱ ቱሉና የእነ ቀነኒሳ በቀለ አገር ከሆነችው ከበቆጂ ሲደርሱ ጣቶቻቸው መደንዘዝ ጀምረው ነበር። ቢያርፉ በበጀ፤ ነገር ግን እኛ ሮቤ ቆመን እንደምንጠብቃቸው ስላወቁ ገሠገሡ። አዳባን አልፈው ወደ ዲንሾ ሽቅብ ሲሉ መሸባቸው፤ ዝናብና ጉምም ወረደ። ከብቱ ወደ በረቱ የሚገባበት ሰዓት ነበርና አንዲት ጊደር በድንገት መንገዱን አቋረጠች። የታናሽየው እጅ በብርድ ደንዝዞ ስለ ነበር ፍሬኑን ፈጥኖ ሊይዝ አልቻለም። ጊደሪቱ ዳነች፤ እርሱ ግን ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰበረ።

በዚያ ሰዓት የደረሱላቸው ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ነበሩ። በሃይማኖታቸው እስላም ናቸው። ፈረሱን ከመንገዱ ዳር አቁመው፣ በጋሪው ላይ ገለባ ጎዝጉዘው፣ የገዛ ጋቢያቸውን አንጥፈው ቁስለኛውን አስተኙት። ጓደኛውም የተጎዳው ሞተር ብስክሌት አብሮ እንዲጫን ቢለምናቸው፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ እያቀላቀሉ፣ «መጀመሪያ ሰው! ብረቱ ነገ ይመጣል» ብለው መለሱለት። ፈረሱንም በእርምጃ እንጂ በሶምሶማ አላስኬዱትም። ቤታቸው አስገብተው እሳት አነደዱላቸው፤ ጾማችን መሆኑን ያውቁ ነበርና ባለቤታቸው ወተቱን ትተው ሻይና የገብስ ቆሎ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ መኪና ተፈልጎ ወደ ሐኪም ተወሰደ። በማግስቱ ደርሰን ስለ ድካማቸው ገንዘብ ብንሰጣቸው እንቢ አሉ። ፈረሳቸው ብርቱ መሆኑን ስናመሰግን ግን፣ «ልጆቼ፣ ጋሪ በፈረሱ ጉልበት አይመዘንም፤ የተኛበት ሰው እንዳላቃሰተ አይታችሁ ነው የምትመዝኑት» አሉን።

ይህ ንግግር ዓመቱን ሙሉ ከልባችን አልጠፋም። ዘንድሮ ከጥምቀት በዓል በኋላ ለመጓዝ ስንሰናዳ ወጣቱ ድኖ ነበር፤ ነገር ግን እናቱ ዳግመኛ በሞተር ብስክሌት ያን ሁሉ አገር እንዳያቋርጥ በእንባ ለመኑን። በዚህም ላይ የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት የሆኑት የኔታ አብረውን ሊሄዱ ፈቀዱ፤ ወገባቸውን ይታመማሉ። እንግዲህ ሁለት ሞተር ብስክሌት፣ አምስት ሰውና ጓዛችንን ይዞ፣ ነዳጅ ሳያባክን፣ የኔታንም ሳያሳምም የሚያደርስ መኪና መምረጥ ነበረብን።

አንዱ ወንድማችን በሌላው ዓለም እንደሚደረገው በትንሽ የቤት መኪና ተሳቢ እንጎትት አለ። ነገሩን የሚያውቅ መካኒክ ስንጠይቅ ግን ብዙ አስተማረን። ተሳቢ የራሱ መብራትና ሕጋዊ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ጭነቱም ከመንኰራኵሩ ጥቂት ወደ ፊት ማዘንበል አለበት፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ያህል በመያዣው ላይ ካላረፈ ተሳቢው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ መኪናውን ሊጥለው ይችላል። ከአዳማ 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ ወደ አርሲ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ለጉተታ ያልተሠራ የትንሽ መኪና ፍሪሲዮን ይቃጠላል። ከብትና ጋሪ በሚበዛበት መንገድ በድንገት ማቆም፣ በጠባብ ስፍራም ወደ ኋላ መመለስ ልምድ ላለው ሹፌር እንኳ አስቸጋሪ ነው።

ሌላው ትልቅና ባለ ግርማ የመስክ መኪና እንከራይ አለ፤ ምቾቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሞተር ብስክሌት የሚጫንበት ስፍራ ስለሌለው ያው ተሳቢ ሊያስፈልገው ነው። ሚኒባስም ታስቦ ነበር፤ ወንበሩ ተነቅሎ ሞተር ብስክሌቶቹ ቢገቡበት ግን የቤንዚኑ ሽታ ከተሳፋሪው ጋር ይውላል። የጭነት አይሱዙ ሁሉን ይሸከማል፤ ይሁን እንጂ ባሌስትራው ደረቅ ነው፣ ጋቢናውም ለአምስት ሰው አይበቃም። በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በከተማችን የበዛው የኤሌክትሪክ መኪናም ተነሣ። ዝምተኛና ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን ጭነት፣ ዳገትና ብርድ የባትሪውን ጉዞ ስለሚያሳጥሩት፣ የኃይል መሙያም በዚያ መንገድ እንደ ነዳጅ ማደያ ስላልተስፋፋ ለጊዜው ተውነው።

በመጨረሻ የተስማማነው ሁለት ረድፍ ወንበር ባለው፣ በናፍጣ በሚሠራ፣ ቱርቦ ባለው ፒክአፕ ላይ ነው። አንዱ ሞተር ብስክሌት 120 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሁለቱ 240 ኪሎ ቢሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና ደግሞ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ነው።

ስለ ወጪው አንባቢን መሸንገል አንፈልግም። በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ያህል ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ሮቤ እስኪደርስ 47 ሊትር ይፈጃል። ሁለቱ ሞተር ብስክሌቶች ግን እየተነዱ ቢሄዱ እያንዳንዱ 11 ሊትር ቤንዚን፣ በድምሩ 22 ሊትር ይበቃቸዋል። በሊትር ብቻ ለሚቆጥር ሰው እንግዲህ የአምናው ጉዞ ይረክሳል። እኛም አምና የቆጠርነው እንዲሁ ነበር። በቅዱስ ወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ተምረናል፤ እኛ ግን ተቀምጠን ስናሰላ ሰውን ከሒሳቡ ረስተነው ነበር። የሦስት ሰው የአውቶቡስ ዋጋ፣ የሐኪሙ ወጪ፣ ወጣቱ ከሥራው የቀረበት ሁለት ወር ሲደመር የረከሰው ጉዞ ከሁሉ የተወደደው ሆኖ ተገኘ። የእናቲቱ እንባማ በምን ይቆጠራል?

መኪናውን ከመረጥን በኋላ አጫጫኑንም ተማርን። ሞተር ብስክሌቶቹን በወፍራም ጣውላ ላይ እየገፋን አወጣናቸውና አንዱን ወደ ፊት፣ ሁለተኛውን ወደ ኋላ አዙረን ጎን ለጎን አቆምናቸው፤ መሪዎቻቸው እንዳይጋጩ ይህ ይረዳል። እያንዳንዱ በአራት ጠፍር፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ፣ ግራና ቀኝ ተወጥሮ ይታሰራል። የፊተኛው ሞላ ግማሽ ያህል እስኪወርድ ድረስ መጥበቅ አለበት፤ ከላላ ጉብታ ላይ ይፈታል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ሞላው ይጎዳል። ጠፍሩ ቀለም በሚነካበት ቦታ ጨርቅ ይደረጋል፤ የቤንዚኑ መዝጊያም ይዘጋል። የመኪናው የኋላ መዝጊያ ክፍት ሆኖ ስለሚሄድ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ወርደን ጠፍሩን እንደገና አጠበቅን፤ በእውነትም ላልቶ ነበር።

የኔታ በፊተኛው ወንበር፣ ከወገባቸው ኋላ ትራስ ተደርጎላቸው ተቀመጡ። በየሁለት ሰዓቱ እየቆምን ጥቂት እንዲንቀሳቀሱ አደረግን። አሰላን ካለፍን በኋላ፣ «ይህ መኪና ባለፈው ለቀብር ከሄድንበት ጋር አንድ ዓይነት አይደለምን? ያኔ ሲያንገጫግጨኝ ውሎ ነበር፤ ዛሬ ምን አለሰለሰው?» ብለው ጠየቁ። ሹፌሩም ፒክአፕ ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው ደረቅ ሆኖ እንደሚዘል፣ መጠነኛ ጭነት ሲጫንበት ግን ረግቶ እንደሚለሰልስ ነገራቸው። ያስጨነቀን ሸክም ለሽማግሌው ዕረፍት መሆኑን ስንሰማ ደስ አለን።

ሮቤ የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። ከተማዋ 2,490 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። የሲናና ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ በጥር ወር የስንዴው ማሳ እንደ ወርቅ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል፣ ኮምባይነሩም አቧራውን እያስነሣ ከዳር እስከ ዳር ሲያጭድ ይውላል። በማግስቱ ሞተር ብስክሌቶቹ ወርደው፣ ወጣቶቹ ሳይደክሙና ሳይደነዝዙ በየእግር መንገዱ ወደ ገጠር አጥቢያዎች ገሠገሡ። ከዚህ በፊት በሦስት ቀን እንኳ ያልጨረስነው በአንድ ቀን ተፈጸመ።

በሦስተኛው ቀን የኔታ በቆላ ያደጉ ስለሆኑ የሳነቴን አምባ በዓይናቸው ማየት ወደዱ። ከጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ተነሥቶ መንገዱ በጥድና በአስታ መካከል እየተጠማዘዘ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የቱሉ ዲምቱ ራስ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሦስት አምስተኛ ያህል ይወርዳል፤ ሰውም ሞተርም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንደኛው ወጣት ሞተር ብስክሌቱን አውርዶ ጥቂት ቢሞክር፣ ካርቡራቶሩ ቤንዚን እያበዛበት ጥቁር ጭስ ተፍቶ ጉልበቱ ከዳው፤ መልሰን ጫንነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚስብ ሳይቸገር ወጣ።

አምባው በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው። በመላው ዓለም ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ነው። አንዱ በጅብራው መካከል ፍልፈል ሲያደባ አየነው፤ መኪናውን አቁመን ሥራውን እስኪጨርስ ጠበቅነው። ቁልቁለቱንም ፍሬን እንዳይግል በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን።

ስንመለስ ከዲንሾ በኋላ ወደ ሽማግሌው ባለጋሪ ቤት ጎራ አልን። ስኳር፣ ቡናና አዲስ ጋቢ ይዘንላቸው ነበር፤ ጋቢውን እንቢ ሊሉ ሲሉ የኔታ ራሳቸው ደረቡላቸው። ሁለቱ ሽማግሎች በደጁ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዝናብና ስለ ልጆቻቸው ብዙ ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ተነሥተው መኪናችንን ዞረው ተመለከቱ፤ ጠፍሩን በእጃቸው እየነኩ ፈተኑ፤ አንዱ ላልቶ ስላገኙት አጠበቁት። የዳነውን ወጣት ትከሻ ዳሰሱና፣ «ማን የት ይቀመጣል?» ሲሉ ጠየቁን። ወገባቸውን የሚታመሙት የኔታ ከፊት በትራስ እንደሚቀመጡ፣ ወጣቶቹም ከውስጥ እንደሚሳፈሩ ነገርናቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እንግዲህ ይህ ጋሪ ነው» አሉ።

የመንገደኞች ጠባቂ እግዚአብሔር የወጣውን ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይመልስልን።