«ብሩ የት ገባ?» ቢሏችሁስ?

ላፕቶፓችሁን አንግታችሁ ሥራ ፍለጋ ቦሌን የምታካልሉ ወጣቶች! የዛሬው ወሬያችን ስለ ፊንቴክ ኢንተርቪው ነው። ፊንቴክ ማለት ገንዘብና ሶፍትዌር የተጋቡበት ቤት ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ፤ እንደ ቻፓ ያሉት ደግሞ የገዢን ክፍያ በኢንተርኔት ለሻጩ ያደርሳሉ። ኮድ ለሚጽፍ ወጣትም አዲስ በር ተከፈተ።

ታዲያ ለኢንተርቪው ስትጠሩ ጓደኛ ሁሉ «አልጎሪዝም ሸምድድ!» ይላችኋል። ሸምድዱ፣ አይከፋም፤ ይጠየቃል። ግን ልብ በሉ፤ ሌላ ቦታ ኮድ ሲሳሳት ገጹ አልከፈት ይላል፤ እዚህ ሲሳሳት የሰው ብር ይጠፋል። ጠያቂዎቹ ዙሪያ ጥምጥም የሚፈልጉት ይህ ነገር የሚያስጨንቀውን ሰው ነው።

እኔ የተፈተንኩበት ኩባንያ (ስሙ ይቆየን) አራት በር ነበረው። የመጀመሪያው የ20 ደቂቃ የስልክ ወሬ ነው፤ «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» የሚል። ሁለተኛው ቤት ተወስዶ የሚሠራ ኮድ ነው። ሦስተኛው ሁለት ባለሙያዎች ፊት መቀመጥ። አራተኛው ደሞዝ።

ላብ የሚያስጠምቀው ሦስተኛው ነው። «ገንዘብን በምን ዓይነት ቁጥር ትመዘግባለህ?» አሉኝ። ቀላል ይመስላል አይደል? ኮምፒዩተር ግን ፍሎት በሚባለው የአስርዮሽ ቁጥር 0.1ንና 0.2ን ሲደምር 0.30000000000000004 ይላል። ስለዚህ 10 ብር ከ50 ሳንቲም፣ 1050 ሳንቲም ተብሎ በሙሉ ቁጥር ይያዛል። ቀጠሉ። «ሒሳቡ ላይ 1,000 ብር አለ፤ ሁለት የ800 ብር ወጪ በአንድ ቅጽበት ቢመጣስ?» አንዱ እስኪያልቅ ሌላው እንዲጠብቅ ሒሳቡ ዳታቤዙ ላይ ይቆለፋል፤ ያለዚያ ሁለቱም «ብር አለ» ብለው ያወጣሉ።

ከዚያ ዋናዋ መጣች። «አንድ ሰው 500 ብር ላከ። መልሱ ሳይደርሰው ኔትወርክ ሄደ። ብሩ የት ገባ?»

እዚህ ላይ የደረሰችልኝ የእናቴ ሱቅ ናት። ኮኪት ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ያጠራቀማትን ለቤተሰቡ የሚልከው ከሱቃችን በረንዳ ሆኖ ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም በ*127# ይላካል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ከላከ በኋላ መልእክት ጠበቀ፣ ጠበቀ… የለም። «እትዬ፣ ደግሜ ልላክ ወይስ ልተወው?» አለ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ። ቢደግም ሁለት ጊዜ ሊቆረጥበት ነው፤ ቢተው ቤተሰቡ ጦሙን ሊያድር ነው።

ይህንኑ ነገርኳቸው። መልሱንም ከዚያው አወጣሁት። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ስልኩ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ቢልከው ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ «ይህን ሠርቼዋለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ። ባለሙያዎች አይደምፖተንሲ ይሉታል። ልጁ ራሱ እንደገና ሊልክ ሲገባ ደግሞ «የቀድሞው ገና በሂደት ላይ ነው» ተብሎ ይነገረው። የተሳሳተ መዝገብም አይሰረዝም፤ በተቃራኒው መዝገብ ይስተካከላል፤ ልክ እንደ ደህና የሱቅ ደብተር።

መጀመሪያ «ኮኪት ደግሞ የት ነው?» ብላ ፈገግ ያለችው ጠያቂ አሁን ብዕሯን አንስታ ትጽፍ ጀመር። ስለዚህ አደራ፣ ከክፍለ ሀገር መጣሁ ብላችሁ አትሸማቀቁ። ኔትወርክ ሄድ መጣ የሚልበትን ኑሮ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሶፍትዌሩን የሚጠቀመውም ያው ሰው ነው።

የማታውቁት ሲመጣ «አላውቅም፤ ግን እንዲህ አድርጌ አጣራለሁ» በሉ። ገንዘብ ቤት ውስጥ ገማች ያስፈራል። ደሞዝ ሲነገራችሁ «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ግብርና ጡረታ ሲነሳለት ያ ወፍራም ቁጥር ይከሳል!

በመጨረሻም «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ። እኔ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብር ቢጠፋ የሚደወለው ለማን ነው?» ስል ተያይተው ሳቁ። አሁን ለማን እንደሚደወል ልንገራችሁ? ለእኔ!

ቸር ይግጠማችሁ።